ከወጀብ ማግስት ጀልባዬ ምን ሆነች?

እናቴ በደወለች ቁጥር «አሁንም ውሃ ላይ ነሽ? ምነው፣ መሬት ጠፋ?» ትለኛለች። አዎ፣ አሁንም ውሃ ላይ ነኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቼሳፒክ ሰላጤ ዳር በታሰረች የሸራ ጀልባ ውስጥ ነው። በሰመር ነጎድጓድና ንፋስ ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። አውሎ ነፋስም አልፎ አልፎ ይጎበኘናል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ኢዛቤል የተባለችው አውሎ ነፋስ የገፋችው ውሃ የአናፖሊስን ከተማ መሃል አጥለቅልቆት ነበር።

ወጀቡ ሲያልፍ ሰው ሁሉ መጥረጊያ ይዞ ይነሳል። እኔ መጀመሪያ ዞሬ አያለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ምልክቱ ከተጠረገ መንስኤውን ማን ይነግረኛል?

ገመድ ተበጥሷል

ጫፉን እዩት። እንደ ጥጥ ከተበታተነ የሆነ ነገር ፈግፍጎታል። ገመዱ በጀልባዋ ጠርዝ የሚያልፍበትን ቦታ ዳብሱት፤ ሻካራ ነገር አታጡም። ጫፉ እንደ ቀለጠ ሻማ ተጣብቆ ከደረቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ናይለን ሲወጠርና ሲላላ ክሮቹ እርስ በርስ ይፋጫሉ፣ ይግላሉ፣ ከውስጥ ይቀልጣሉ። እኔ ላይ ደርሷል። የሚያናድደው ደግሞ፣ እንዳይፈገፈግ ብዬ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሼው ነበር። ለካ ቱቦው ዝናቡ ገመዱን እንዳያቀዘቅዘው ከልክሎልኛል!

አሁን ጠርዙን የሚነካውን ክፍል ፖሊስተር አድርጌዋለሁ፤ ብዙ ስለማይለጠጥ እዚያ ጋ ወዲያ ወዲህ አይልም። የቀረው ናይለን ነው፤ እየተለጠጠ ጉተታውን ይውጣል። መሸፈኛው ውሃ የሚያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ ነው።

መብራት የለም

ብሬከሩን ከመመለሳችሁ በፊት ከማሪናው (ጀልባዎች ከሚታሰሩበት ወደብ) የሚመጣውን ኬብል ሶኬት እዩ። ከረጠበ ወይም ከጠቆረ አትንኩት፤ ባለሙያ ይምጣ። ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ማንም ሰው የወደቀ ዕቃ ላውጣ ብሎ ማሪናው ውስጥ እንዳይዋኝ። በተለይ ጨው የሌለው ውሃ አደገኛ ነው። ከውሃው ይልቅ የሰው ገላ ለኤሌክትሪኩ ቀላል መንገድ ስለሚሆን ዋናተኛው ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት ይሰምጣል።

የጀልባዋ ሆድ ውሃ ይዟል

እያሳሳቀ የሚወስደው ይሄኛው ነው። ውሃው ገና ሲንጠባጠብ በምላስ ጫፍ ቅመሱት። ከሥር የተጠራቀመውን ግን አደራ፣ ናፍጣም ምንም አለበት። ጨው ጨው ካለ የገባው ከታች ነው፤ የቱቦ ማሰሪያዎችንና የፕሮፔለሩን ዘንግ መውጫ ፈትሹ። ጨው ከሌለው ምናልባት ዝናብ ነው፤ መስኮቶቹንና ሸራው የሚሰቀልበትን ምሶሶ የያዙት ሽቦዎች የታሰሩበትን ቦታ እዩ። የሰላጤው ውሃ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ጨውነቱ ስለሚቀንስ ዘዴው እዚያ አይሠራም። ያኔ ሁሉንም አድርቁና ሶፍት አንጥፉ፤ መጀመሪያ የረጠበው ይናገራል። መስኮት ከሆነ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቃችሁ አውጡ። በላዩ ላይ አዲስ መደፍደፍ ገንዘብ መጣል ነው።

ውሃውን የሚያወጣው ፓምፕ ዝም ካለ ተንሳፋፊ ማብሪያውን በእጅ ከፍ አድርጉት። ከተነሳ ቆሻሻ ይዞት ነበር ማለት ነው። የእኔን የያዘው ሹሩባ የፈታሁ ቀን የረገፈ ፀጉር ነበር። ካልተነሳ ፊውዝ፣ ከዚያ ባትሪ።

ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት

የዘይት መለኪያውን ምዘዙ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ቁልፉን አትንኩ። ውሃው የገባበት ተደፍኖ ዘይቱ ደጋግሞ መቀየር አለበት። ደህና ቢሆንም፣ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ገመድ አለመኖሩን እዩ። ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ሌላ ጣጣ ነው።

ምሶሶው ይወዛወዛል

የያዙትን ሽቦዎች በአሮጌ ቲሸርት ጠረግ ጠረግ አድርጉ። ጨርቁ ከያዘ አንድ ክር ተበጥሷል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሽቦው ጫፉ ላይ ካለው ብረት ጋር የሚገናኝበት ነው። አንድ ክር ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቀየር። እስከዚያ ሸራ መስቀያውን ገመድ በዚያው በኩል አውርዳችሁ ወጥራችሁ እሰሩ።

ፍራሽስ? የባህር ውሃ ከነካው ዝም ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጨው እርጥበት ስለሚስብ መቼም አይደርቅም። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። የእኔ አሁን ውጪ ተሰጥቷል፤ ተመልሶ እስኪገባ የእናቴን የቪዲዮ ጥሪ አላነሳም።