የሻንጋዩን ሥዕላዊ መጽሔት ገጽ በገጽ ማንበብ

«ዲያንሺጃይ ኋባኦ» የተሰኘው ሥዕላዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1898 በየዐሥር ቀኑ በሻንጋይ ይታተም ነበር። መሥራቹ እንግሊዛዊው ነጋዴ ኧርነስት ሜጀር ሲሆን ሠዓሊዎቹና ጸሐፊዎቹ ግን ቻይናውያን ነበሩ። የሚዘጋጀውም ቻይና በ1842 ከብሪታንያ ጋር ከተዋዋለችው የናንጂንግ ውል በኋላ የውጭ ዜጎች በሰፈሩበትና ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥት ሥልጣን በተገደበበት የከተማዋ ክፍል ነው። ዛሬ ብዙዎች ከዚህ መጽሔት ሥዕሉን ብቻ ነጥለው የዘመኑ ሻንጋይ ምስክር አድርገው ያቀርቡታል። ይህ አያያዝ መጽሔቱን ይጎዳዋል፤ ሥዕሉ፣ በላዩ የሰፈረው ጽሑፍና በጽሑፉ ማብቂያ ያለው ማኅተም አንድ ላይ ካልተነበቡ የገጹ ሐሳብ አይገኝምና።

አስቀድመው እትሙ መቼ እንደወጣ ይለዩ። ዘመኑ የተቆጠረው በንጉሠ ነገሥት ጓንግሹ የንግሥና ዓመት ስለሆነ፣ በዓመቱ ቁጥር ላይ 1874 ሲደምሩ የአውሮፓውያኑን ዓመት ያገኛሉ፤ የጓንግሹ 10ኛ ዓመት 1884 ነው። የቻይና የጨረቃ ዓመት የሚያበቃው ጃንዋሪ 1 ካለፈ በኋላ በመሆኑ ግን የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራሉ። ሁለት አቆጣጠር ማስታረቅ ለለመደ አንባቢ ይህ አይከብድም።

ከዚያ ወደ ገጹ ይግቡ፤ አቅጣጫው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ሥዕሉ በአብዛኛው ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ገጾች ላይ ይዘረጋል፣ ጽሑፉም ከላይ ይሰፍራል። ጽሑፉ በጥንታዊው የቻይና የጽሑፍ ቋንቋ፣ ያለ ሥርዓተ ነጥብ የተጻፈ በመሆኑ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ትርጉም ወይም የባለሙያ እገዛ ያስፈልገዋል፤ ይህን ድካም ግን መዝለል አይገባም። ሥዕሉ የሚያሳየው አንዲት ቅጽበት ሲሆን ወሬው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተናገረውና ነገሩ እንዴት እንደተቋጨ የሚነግረን ጽሑፉ ነው። በመጨረሻ የሚታየውን ትንሽ ማኅተም የገጹ ጌጥ አድርገው አይለፉት። በውስጡ ያሉት ጥቂት ፊደላት ስለ ታሪኩ የተሰጠ አጭር ፍርድ ናቸው፤ ሐዘኔታ፣ ነቀፋ ወይም ስላቅ ይሆናል። ሥዕሉ የሚያደንቅ መስሎ ማኅተሙ የሚነቅፍ ከሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ ጊዜዎን ሊሰጡት የሚገባው ያ ገጽ ነው።

ሥዕሉንም ሲመረምሩ አሠራሩን ያስቡ። በቀለምና በብሩሽ የተሣለው ሥራ በፎቶግራፍ አማካይነት ወደ ማተሚያ ድንጋይ ይገለበጥ ስለነበር፣ እንደ እንጨት ቅርጽ ኅትመት በሠዓሊውና በአንባቢው መካከል የሚገባ ቀራጭ አልነበረም፤ ስለዚህ የሚያዩት መስመር የሠዓሊው የራሱ መስመር ነው። የመስመሩ እውነተኛነት ግን ለታሪኩ እውነተኛነት ዋስትና አይሆንም። ሜይ 8 ቀን 1884 የወጣው የመጀመሪያው እትም ፈረንሳይ በማርች ወር በያዘቻት፣ በሰሜን ቬትናም በምትገኘው በባክ ኒን የተደረገውን ውጊያ አሳይቷል፤ ሥዕሉ የተሠራው ግን ከጦር ሜዳው ርቆ በሻንጋይ ነው። ሠዓሊዎቹ ስላላዩት አገርና መሣሪያ ሲሥሉ የሚመሩት በጋዜጣ ወሬ ወይም ከውጭ አገር በመጡ ሥዕሎች ነበር። ስለዚህ «ይህ በእርግጥ እንዲህ ሆኗልን?» ከማለት አስቀድመው «የሻንጋይ አንባቢ ነገሩን በምን መልክ ተቀበለው?» ብለው ይጠይቁ። ሜጀር በ1872 የመሠረተው «ሸንባኦ» ጋዜጣ ለብዙዎቹ ታሪኮች ምንጭ ስለነበር፣ የሚቻል ከሆነ የጋዜጣውን ዘገባ ከሥዕሉ ጎን አድርገው ያነጻጽሩ፤ ሠዓሊው የጨመረውና የተወው ያኔ ይገለጣል።

የውጭ ዜጎቹን ሰፈር ሥርዓት የሚያሳዩ ገጾችን ለብቻ ይሰብስቡ፤ ከሕንድ የመጡትን የሲክ ፖሊሶች፣ ቻይናዊ ዳኛ ከውጭ አገር ቆንስላ ተወካይ ጋር የሚያስችልበትን ቅይጥ ችሎት፣ የመንገዱን ግርግር። በእያንዳንዱ ላይ ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚታዘዝ፣ ማን መሳቂያ እንደተደረገ ይመዝግቡ። የእንግሊዛዊ ንብረት የሆነ መጽሔት የቻይናን ጦር ድል ለቻይናውያን አንባቢዎች ይሸጥ እንደነበርም አይዘንጉ። እኔ እንደማምነው፣ ያንን መጽሔት የባዕዳን አፍ ብቻ ወይም የአገሬው ድምፅ ብቻ አድርጎ መፈረጅ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥነ ጽሑፉ በቀላሉ የሚዘነጋው ክፍል ነው። ከ1884 ጀምሮ የዋንግ ታኦ ምናባዊ ታሪኮች ከሥዕል ጋር በተከታታይ ወጥተዋል። ይህ ደራሲ በቺንግ መንግሥት ላይ ከተነሡት የታይፒንግ ዐማፅያን ጋር ተጻጽፈሃል ተብሎ በ1862 ወደ ሆንግ ኮንግ የሸሸ፣ በኋላም ስኮትላንድ ድረስ የዘለቀ ሰው ነው። ታሪኮቹ ከዜናው ተለይተው በተጨማሪ ቅጠሎች ይታተሙ ስለነበር ከማስታወቂያዎቹ ጋር ከኋለኞች ዳግም ኅትመቶች ውስጥ ወጥተዋል፤ ስለዚህ የያዙት ቅጂ ምን እንደጎደለው ሳያረጋግጡ «መጽሔቱ ልብ ወለድ አልነበረውም» ብለው አይደምድሙ። ዋናው ሠዓሊ ዉ ዮሩ በ1890 ወጥቶ የራሱን ሥዕላዊ መጽሔት ስለጀመረ፣ ከዚያ ዓመት በፊትና በኋላ ያሉትን እትሞች ደግሞ ለያይተው ይመልከቱ።

ከመጽሔቱ ሲጠቅሱ የገጽ ቁጥር ብቻ አይበቃም፣ በየዳግም ኅትመቱ ይለያያልና። 528ቱ እትሞች ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት እየሆኑ በ44 ስብስቦች ተጠርዘዋል፤ ስብስቦቹም የሚታወቁት እንደ ዐሥሩ የሰማይ ግንዶችና እንደ ዐሥራ ሁለቱ የምድር ቅርንጫፎች ባሉ የቻይና የቅደም ተከተል ምልክቶች ነው። የስብስቡን ምልክት፣ የእትሙን ተራና የሥዕሉን ርእስ አብረው ይጻፉ።