የሞተር ሳይክል ኦሊዮ ሲገዙ የጠርሙሱን ጀርባ ያንብቡ

ሱቅ ገብቶ «የሞተር ኦሊዮ ስጡኝ» ላለ ሰው የሚመለስለት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሃያ-ሃምሳ ነው ወይስ አርባ?»። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ሁለተኛ መምጣት ነበረበት። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህ ኦሊዮ ፍሪሲዮን ይስማማዋል ወይ?» የሚለው ነው።

መኪና ላይ የሞተሩ ኦሊዮ የሚያገለግለው ሞተሩን ብቻ ነው። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ ፍሪሲዮኑ ደግሞ ደረቅ ስለሆነ ዘይት ከነካው ይበላሻል። በአብዛኛው ባለ ማርሽ ፎር ስትሮክ ሞተር ሳይክል ግን ያቺው አንድ ሊትር ኦሊዮ ፒስተኑንም፣ የካምቢዮውን ጥርሶችም፣ የፍሪሲዮኑን ሸራም ታዳርሳለች። ፒስተኑ መንሸራተት ይፈልጋል፤ ፍሪሲዮኑ ደግሞ መንከስ። ሁለቱን ማስታረቅ የሚችለው ለዚህ ተብሎ የተቀመመ ኦሊዮ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅም ሞተሩ የሞተር ሳይክል ስለሆነ ከዚህ ሕግ አይወጣም።

ለዘመናዊ የቤንዚን መኪና የሚሠራ ቀጭን ኦሊዮ፣ በተለይ 0ደብሊው-20 እና 5ደብሊው-30፣ ነዳጅ እንዲቆጥብ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ይጨመርበታል። መኪናው ይወደዋል። እርጥብ፣ ማለትም ኦሊዮ ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ፍሪሲዮን ውስጥ ሲገባ ግን ቅመሙ ሸራው ላይ ይለጠፍና ዲስኮቹ እርስ በርስ መያያዝ ያቅታቸዋል። ውድና ጥሩ ስም ያለው የመኪና ኦሊዮ ሞተር ሳይክል ላይ ጥፋት የሚሆነው በዚህ ነው፤ ጥራት ጎድሎት ሳይሆን የተሠራው ለሌላ ሥራ ስለሆነ።

ከጀርባ የሚፈለጉት ፊደሎች

አንደኛው ምልክት ጃሶ ነው። ጃሶ የጃፓን የአውቶሞቢል ደረጃዎች ድርጅት ሲሆን፣ የፎር ስትሮክ ሞተር ሳይክል ኦሊዮን ለይቶ የሚመለከተውን ደረጃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ጠርሙሱ ላይ በትንሽ አራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ «ኤምኤ» ወይም «ኤምቢ» ተብሎ ይታተማል። ኤምኤ እርጥብ ፍሪሲዮን ላለው ነው፤ ስለዚህ እንደ ባጃጅ ቦክሰር፣ ቲቪኤስ አፓቼ፣ ሆንዳ ሲጂ 125 ወይም ያማሃ ዋይቢአር 125 ያለ ሞተር የያዘ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጨመሩት ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 የኤምኤ ክፍልፋዮች ናቸው፤ ኤምኤ2 ይበልጥ የሚነክሰው ነው። ጭነት የሚያመላልስ ወይም ዳገት የሚበዛበት ሞተር ኤምኤ2 ካገኘ ይመረጣል፤ ካላገኘ ኤምኤ ይበቃዋል። ኤምቢ ሰበቃው ዝቅ ያለ ነው። ማርሽ የሌላቸውና በቺንጊያ የሚነዱ፣ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ የሆነ ስኩተሮች ይጠቀሙበታል። በማርሽ ሞተር ውስጥ መግባት የለበትም።

ሁለተኛው ኤፒአይ ነው፤ የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት ምልክት። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል በፊደል ተራ ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ ኤስጂ፣ ኤስኤች፣ ኤስጄ፣ ኤስኤል (እ.ኤ.አ. 2001)፣ ኤስኤም (2004)፣ ኤስኤን (2010)፣ ኤስፒ (2020)። ለአነስተኛ ሞተር ሳይክል ኤስኤል በቂ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አዲሱ ፊደል ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ ኤስፒ የሚል የመኪና ኦሊዮ ይገዛል። ጃሶ ኤምኤ ያለበት ኤስኤል፣ ጃሶ ከሌለው ኤስፒ ለሞተር ሳይክል ይበልጣል። በክቡ የኤፒአይ ማኅተም የታችኛው ግማሽ ላይ በእንግሊዝኛ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ወይም «ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው ይመልሱት።

የናፍጣ መኪና 15ደብሊው-40ስ? ብዙ ቦታ ሲደረግ ይታያል፤ ነዳጅ ቆጣቢ የሚያደርገው ቅመም ስለማይበዛበት ብዙውን ጊዜ ፍሪሲዮን አያንሸራትትም። ጀርባው ላይ ጃሶ ኤምኤ ካልተጻፈ ግን ዋስትና የለውም። መንገድ ላይ ኦሊዮ ጎድሎ ሌላ ከጠፋ፣ ባዶውን ከመንዳት ይሻላል፤ ከተማ ሲደርሱ ይቀየር።

አሁን ወደ ቁጥሩ

20ደብሊው-50 ሲል ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። «ደብሊው» ብርዱን ያመለክታል፤ የእንግሊዝኛው ዊንተር መነሻ ፊደል ነው፤ የእኛ ዝናባማ ክረምት ሳይሆን የነሱ በረዶ። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ኦሊዮው በብርድ ቶሎ ይፈሳል። 20ደብሊው የሞተር ማስነሻ ፈተናውን የሚወስደው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ 10ደብሊው ከዜሮ በታች 25 ላይ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ እኛ ከተሞች ውስጥ ስለሌለ ሁለቱም ያስነሳሉ። ልዩነቱ ግን አለ፤ ደብረ ብርሃን ላይ በጥቅምትና በኅዳር ንጋት 20ደብሊው ከ10ደብሊው ይልቅ ወፍሮ ያድራል፤ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ)፣ ቫልቮላዎቹ ጋ ለመድረስም ይዘገያል። አንድ ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ማቆየት፣ ጋዝ ሳይሰጡ፣ ይህንን ይሸፍናል።

ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር የግለቱ ነው፤ ኦሊዮው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያለውን ውፍረት ይናገራል። ሴንቲስቶክ በሚባለው የውፍረት መለኪያ 30 ከ9.3 እስከ 12.5፣ 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ይይዛል። ስለዚህ ቁጥሩ የጥራት ማዕረግ አይደለም፤ 50 ከ40 «አይበልጥም»፣ ይወፍራል እንጂ። ከሚገባው በላይ ሲወፍር ፖምፓው ይከብደዋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሞተሩ ይግላል። ከሚገባው በታች ሲቀጥን ደግሞ በሙቀት ጊዜ በብረትና በብረት መካከል ያለው ሽፋን ይሳሳል።

መነሻው የሞተሩ ማንዋል ነው። ማንዋሉ አንድ ውፍረት ብቻ ካለ እሱን ይያዙ፤ አዳዲስ የሆንዳ ሞተሮች 10ደብሊው-30 ሲሉ ቀልድ አይደለም፣ ክፍተቶቻቸው ለዚያ የተለኩ ናቸው። ሁለት ሦስት አማራጭ በሙቀት ሠንጠረዥ ከሰጠ ግን አገሩ ይወስናል። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴ ለሚነዳ 10ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-40 ይመቸዋል። ሰመራ፣ ጋምቤላ፣ መተማ ወይም ሁመራ ላይ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሁለት ሰውና ጆንያ ጭኖ የሚውል ከሆነ 20ደብሊው-50 ያስፈልገዋል። «40» ብቻ የሚል፣ ደብሊው የሌለው ኦሊዮ በርካሽ ይሸጣል፤ ጠዋት እንደ ማር ስለሚወፍር ይቅር።

የካምቢዮ ጥርስ ኦሊዮን ይቆርጣል። 20ደብሊው-50 በሙቀት እንዳይቀጥን የሚያደርጉት ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች በጥርሶቹ መካከል ሲፈጩ ያጥራሉ፤ የ50ው ኦሊዮ ቀስ በቀስ ወደ 40 ይወርዳል። ምልክቱን እግር ያውቀዋል፦ ማርሽ ሲገባ ይንኳኳል፣ ቆመው ኒውትራል መፈለግ ያስቸግራል። በአዲስ ኦሊዮ ወዲያው ከለሰለሰ ምክንያቱ እሱ ነበር። መጥቆር ብቻውን ግን ምልክት አይደለም፤ ኦሊዮ የሚጠቁረው እያጠበ ስለሆነ ነው።

ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀነባበረ) ወይስ ሚኒራል (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ)? ለ100 እና ለ150 ሲሲ ሞተር በሰዓቱ የተቀየረ ሚኒራል፣ ጊዜው ካለፈበት ሲንተቲክ ይሻላል። ማንዋሎች በብዛት ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ይላሉ፤ የአዲስ ሞተር የመጀመሪያ ቅያሪ ከ500 እስከ 1,000 ባለው ውስጥ ነው። በአቧራ፣ በጭነት፣ በአጫጭር ምልልስ ለሚሠራ ሞተር 2,000 ላይ መቀየር ጥሩ ነው። ከፍታም አለበት፦ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ያበዛል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የፒስተኑን ፋሻዎች (ቀለበቶች) አልፎ ኦሊዮውን ያቀጥነዋል።

ሲቀየር

ሞተሩን ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያሙቁትና ያጥፉት፤ ለብ ያለ ኦሊዮ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ሜዳ ቦታ፣ በመሀል መቆሚያው ቀጥ አድርገው ያቁሙት። መሙያውን መጀመሪያ ይክፈቱ፤ አየር ሲገባ በቶሎ ይፈሳል። በሲጂ 125 ዓይነት ሞተሮች የማፍሰሻው ቡሎን 17 ቁጥር ቁልፍ ይወስዳል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከትልቁ ክዳን በስተጀርባ ሞላ (ስፕሪንግ) እና ወንፊት አለ፤ ክዳኑ ሲፈታ ሞላው ተስፈንጥሮ ከነወንፊቱ ቆሻሻው ውስጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ በመዳፍ ደግፈው ይፍቱት፣ የገባበትንም አቅጣጫ ልብ ይበሉ። ወንፊቱን በቤንዚን አጥበው ያድርቁ። ቡናማ ጭራሮ የመሰለ ካገኙ የፍሪሲዮን ሸራ ነው፤ ማግኔት የሚይዘው ብልጭልጭ የማርሽ ብረት፣ የማይይዘው ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ጥቂት ዱቄት አያስደነግጥም፤ በጣት የሚነሳ ስባሪ ግን ሞተሩ እንዲከፈት ይጠይቃል።

ሮንዴላውን በአዲስ ይተኩ። ቡሎኑን በጣት ጀምረው እስኪጠብቅ ያዙሩት፤ በእጅ እየዞረ ካልገባ ጥርሱ ስቷል፣ በቁልፍ አያስገድዱት። ማጥበቂያው ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ነው። የሞተሩ ቤት አሉሚኒየም ስለሆነ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል ክንድ ጥርሱን ይበላዋል፤ የአንድ ቅያሪ ቁጠባ በቶርኖ ቤት ሂሳብ ያልቃል።

መጠኑ ላይ ጠርሙስ ያሳስታል። ሲጂ 125 ኦሊዮው ሲቀየር 0.9 ሊትር ይወስዳል፤ ጠርሙሱ ግን 1 ሊትር ነው፤ መካኒኩም ገልብጦ ይጨርሰዋል። ዋይቢአር 125 በአንጻሩ 1 ሊትሩን ሙሉ ይወስዳል። ሲበዛ ክራንክ ሻፍቱ ኦሊዮውን እየመታ ያረፋዋል፤ በመተንፈሻው ወደ አየር ፊልትሮው ይወጣል፤ ፓራዮሊዎቹም (ኦሊዮ እንዳይወጣ የሚይዙት ጎማዎች) ያንጠባጥባሉ። ስለዚህ 0.8 ያህል ጨምረው ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ ያስነሱ፤ ያጥፉና ሌላ ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ይለኩና እስከ ላይኛው መስመር ይሙሉ። በሲጂ ላይ መለኪያው ሳይጠመዘዝ፣ ቀዳዳው ላይ ተቀምጦ ብቻ ይነበባል፤ ጠምዝዘው ካነበቡት የጎደለው ሞተር የሞላ ይመስላል። ሌሎች አምራቾች ጠምዝዘው እንዲለካ ያዝዛሉ፤ ማንዋሉን ይዩ።

ሳይነዱት የኦሊዮው ልክ ከጨመረ ደስ አይበልዎ። ሽተው ቤንዚን ቤንዚን ካለ የካርቡሬተሩ መርፌ አልዘጋም፣ የነዳጅ መዝጊያውም ክፍት አድሯል፤ ካርቡሬተሩ ይጠገን፣ ኦሊዮውም ሳይነዳ ይቀየር። ሻይ በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል።

ፍሪሲዮን ካንሸራተተ

በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ዳገት ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻ ይክፈቱ። ዙሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልተከተለው ያንሸራትታል። ኦሊዮውን ከመክሰስዎ በፊት ገመዱን ይዩ፤ የእጀታው ጫፍ ፍሪሲዮኑን መሳብ ሳይጀምር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መላወስ አለበት። ገመዱ ልክ ከሆነና ችግሩ የጀመረው የመኪና ኦሊዮ ከተሞላ በኋላ ከሆነ፣ አፍስሰው ጃሶ ኤምኤ ይሙሉ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው እሱንም ይቀይሩ። ያን ጊዜም ካልተመለሰ ሸራዎቹ ይወጣሉ። «ኦሊዮ ማወፈሪያ» ወይም «ሰበቃ ማጥፊያ» ተብሎ የሚሸጠው ተጨማሪ ፈሳሽ እዚህ ችግር ላይ ችግር ነው።

ቱ ስትሮኮቹ፣ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉት፣ ሌላ ሕግ አላቸው። ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠለው ቱቲ (የቱ ስትሮክ) ኦሊዮ ለብቻው ጋን ውስጥ ይገባል፤ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ ይሁን፤ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ደግሞ የራሳቸውን የፎር ስትሮክ ኦሊዮ ይይዛሉ። ሁለቱን ማቀያየር ሞተር ይጥላል።

ሲገዙ የክዳኑ ማኅተም ቀለበት ያልተበጠሰ መሆኑን፣ ከአፉ ሥር ያለው ፎይል መኖሩን፣ የምርት ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆኑን ያረጋግጡ። ባዶውን ጠርሙስ በቢላ ቀደው ይጣሉት፤ ያልተቀደደው ታጥቦ፣ ከበርሜል ተሞልቶ ተመልሶ ይሸጣል። የተቃጠለው ዘይት ከጉድጓድ ውኃና ከእጅ ቆዳ ይራቅ፤ በተዘጋ ጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።