የገና ዋዜማ በሬዲዮ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የገና ዋዜማ የሬዲዮ ውሎ ቀላል ይመስላል። ሙዚቃው አለ፣ ስፖንሰሩ አለ፣ ሰዉም ደስ ብሎታል። ግን እንደዚያ ቀን የምንሳሳትበት ቀን የለም። እኔ ራሴ አብዛኛውን ስህተት አየር ላይ ሠርቼ ነው የተማርኩት። የሁሉም ሥር አንድ ይመስለኛል። አድማጩ ቁጭ ብሎ የሚሰማን ይመስለናል። በዋዜማ ቁጭ ያለ ሰው የታለ? አንዱ በግ ይጎትታል፣ አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሌላው መናኸሪያ ተሰልፏል። ሬዲዮው ከማድቤት መደርደሪያ ወይም ከታክሲ ጋቢና ነው የሚሰማው።

የአምናውን ስክሪፕት ማንበብ

ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብለን እንለምዳለን። በየአራት ዓመቱ ግን በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር፤ የሚቀጥለው በ2020 ነው። ምክንያቱ ጳጉሜን ነው። ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠራል። ከዘመነ ዮሐንስ በፊት ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን አንድ ቀን ትተርፋለች። ቆጠራው እንዳይዛባ በዓሉ ወደ 28 ይመጣል። ይህን የማያውቅ አዘጋጅ ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፍቶ «ነገ ታኅሣሥ 29» ይላል። ወዲያው ስልኩ ይጨናነቃል። የሚደውሉት ደግሞ ካህናት ብቻ አይደሉም፤ ባሕረ ሐሳብ በቃሉ የሚያሰላ ጡረተኛ በየሰፈሩ አለ።

ከሳምንት በፊት «አደረሳችሁ»

ስፖት ላይ በብዛት አለ። ገና ሰባት ቀን ሲቀረው «እንኳን በሰላም አደረሳችሁ»። ገና መቼ ደረስን? በዋዜማው «በሰላም ያድርሰን» ነው ወጉ። ማስታወቂያ አሠሪው እምቢ ካለ ሁለት ቅጂ ይቀረጽ፣ አንዱ ለዋዜማ፣ አንዱ ለዕለቱ። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጾም መሆኑን መርሳት

ይኼኛው የእኔ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ቀጥታ ስርጭት ላይ ነን። አንዲት እናት ደወሉ። ከኋላቸው የሬዲዮው ድምፅ እያስተጋባ፣ «እማማ፣ ሬዲዮዎን ትንሽ ይቀንሱልኝ» ካልኩ በኋላ ጨዋታ ጀመርን።

«ዶሮው ደረሰ?»

«እየደረሰ ነው ልጄ።»

«ቀመሱት? ጨውስ ልክ ነው?»

ዝም አሉ። ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲያ ግንባሩን ያዘ።

«ዛሬ እኮ ጾም ነው ልጄ። ማን ይቀምሰዋል?»

ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የከረመ ሰው ነው። ጾሙ የሚፈታው ሌሊት፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ በዋዜማው ከሰዓት ቅመሱ አልኩ። ግን ከዚያ ስህተት የዓመቱ ምርጥ ሰዓት ወጣ። «ታዲያ ጨዉን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው። «በእጄ ነዋ! ደግሞም አሳንሼ ነው የምጨምረው። ካነሰ ነገ ይጨመራል፤ ከበዛ ማን ይመልሰዋል?» አሉ። መስመሮቹ ሁሉ ተያዙ። አንዷ ከሽታው አውቃለሁ አለች። ሌላዋ የማይጾም ትንሽ ልጇን ጠርታ እንደምታስቀምስ ነገረችን፤ ልጁ ግን ሁልጊዜ «ጨው አነሰው» እያለ ደጋግሞ እንደሚልስ ጨምራ አሳቀችን። የተዘጋጀሁበትን ዝግጅት በሙሉ ጣልኩት።

ስለዚህ ምግቡን አውሩበት፣ ዝግጅቱ እኮ ራሱ በዓል ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት አወጣጥ፣ ዶሮው በሎሚና በጨው ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ ቀይ ሽንኩርቱ እስኪበስል የሚፈጀውን ትዕግሥት። ቅመሱ ብቻ አትበሉ። ሲጠበስ የሚንጫጫ ሥጋ ድምፅ ያለበትን የምግብ ቤት ማስታወቂያም ለነገ አሳድሩት። ሁሉም አድማጭ ጾመኛ አይደለም፤ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ይሰማናል። ቢሆንም ያ ድምፅ በዚያ ሰዓት ለማንም አይጠቅምም፤ ለምግብ ቤቱም።

የሌላ በዓል ዘፈን

«የበዓል ዘፈን» የሚል አንድ ፎልደር ኮምፒውተሩ ላይ አለ። አዘጋጁ ከዚያ ያገኘውን ሲያጫውት «እዮሃ አበባዬ» ታኅሣሥ ላይ ይሰማል። እሱ የመስከረም ነው። «ሆያ ሆዬ» የቡሄ ነው። የገናው «አሲና በል አሲና ገናዬ» ነው። ሌላው ችግር የፈረንጅ ደወል ነው። ታኅሣሥ 16 ለፈረንጆቹ ገና የተጫወተውን የበረዶና የደወል ዘፈን በዋዜማችን ይደግሙታል። እኔ አልቃወምም፣ አንድ ጊዜ ይሰማ። ግን የገና ጨዋታ ዱላና ሩር እያለ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ በረዶ ውስጥ ምን አስገባን?

ዋጋን ከአንድ ነጋዴ መጠየቅ

የገበያ ቅኝት ጠዋት ይሠራና ማታ ይደገማል። የበግ ዋጋ ግን ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ጠዋት ነጋዴው ይኮራል፤ ወደ ማታ በጉን ይዞ ላለመመለስ ይለሳለሳል፣ ወይም በጉ አልቆ ዋጋው ይሰቀላል። ስለዚህ ሰዓቱን ተናገሩ፦ «ይህ ዋጋ ሾላ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት የነበረ ነው።» ሻጩን ብቻ ሳይሆን ገዝቶ የሚወጣውንም ጠይቁ። ሻጭ የጠየቀውን፣ ገዢ የከፈለውን ነው የሚነግራችሁ። መሃል ያለውን ልዩነት አድማጭ ራሱ ያሰላል።

ማዕረግ ላይ መንተባተብ

የአባቶች መልእክት የሚተላለፈው በዋዜማ ነው። ለፓትርያርክ «ብፁዕ ወቅዱስ»፣ ለሊቀ ጳጳስ «ብፁዕ» ነው። ካርዲናሉም «ብፁዕ» ናቸው። ወረቀቱን አየር ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሌላ ዘዴ የለውም።

የሰላምታ ዝርዝር

«ለእናቴ፣ ለአክስቴ፣ ለጋሽዬ፣ ለሰፈር ልጆች፣ ስማችሁን ላልጠራኋችሁ ሁሉ...»። ለደዋዩ ጣፋጭ ነው። ለሌላው ሁሉ የስልክ ማውጫ ነው። ሦስት ስም በቂ ነው፤ ከዚያ አንዱን መርጣችሁ «እስቲ ስለ አክስትህ ንገረን» በሉት። ብዙ ጊዜ ሁሉም የሚሰማው ታሪክ ይወጣል።

ላሊበላ ላይ ማውራት

ከላሊበላ በስልክ የሚገባ ዘጋቢ ካላችሁ አንድ ነገር ለምኑት፣ ዝም እንዲል። «ቤዛ ኩሉ» በዕለቱ ጠዋት በቤተ ማርያም ግቢ ሲባል ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ቆመው ይቀባበላሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ይህን አስቀድሞ፣ በዋዜማው ይንገረን። ዜማው ሲጀመር አፉን ይዝጋ። ደግሞ ሳይቆጥር «በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ» አይበል። መስመር መቋረጡ አይቀርምና መቅረጫው ይከፈት፤ የተቋረጠው በኋላ ይሰማል።

ሌሊቱን ለኮምፒውተር መተው

ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሁላችንም ወደ ቤት ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ማለት እንፈልጋለን። ግን ሌሊት የሚሰማን ሰው አለ፤ ተረኛ ነርስ፣ የታክሲ ሹፌር፣ ዘበኛ፣ ታሞ ማኅሌት መሄድ ያልቻለ። አንድ ዓመት የቀኑን ፕሮግራም በኮምፒውተር ደርድረን፣ ማታውን አስከትለን ሄድን። ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተር ተነሣ፣ ኮምፒውተሩም ከመጀመሪያው ጀመረ። ቅዳሴ ቆሜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ወጥቼ አነሣሁት። የግቢያችን ዘበኛ ናቸው።

«ልጄ፣ ሬዲዮው ላይ በግ እየጮኸ ነው። በግ ተራ በሌሊት ተከፈተ እንዴ?»