ጆሮ የሚያሰለቹ የእንግሊዝኛ አባባሎችን ከንግግርና ከኢሜይል የማውጣት ዘዴ

ሀዋሳ ላይ እንግሊዝኛ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ከውጭ ገዢ ጋር የሚጻጻፍ ሠራተኛ፣ ሐይቅ ላይ በጀልባ የሚያስጎበኝ ወጣት፣ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሥልጠና የሚሰጥ ባለሙያ፣ ሁሉም በየቀኑ ይሠራበታል። ሰዋስው ቢሳሳት ሰሚው አሳልፎ ይረዳል። ትዕግሥቱን የሚጨርሰው በየዐረፍተ ነገሩ የሚመላለስ ቃል ነው፤ «ቤዚካሊ» በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ሲሰማ ጆሮ ሐሳቡን ትቶ ቃሉን መቁጠር ይጀምራል።

ባለቋንቋዎቹም ከዚህ አላመለጡም። ፕሌይን ኢንግሊሽ ካምፔይን የተባለ የብሪታንያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ደጋፊዎቹን ሲጠይቅ፣ ከሁሉ አስመራሪ ሆኖ የተመረጠው አባባል «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ» (ዞሮ ዞሮ) ነበር፤ «አት ዚስ ሞመንት ኢን ታይም» ተከተለው። አሜሪካ ሚሺጋን ያለው ሌክ ሱፒሪየር ስቴት ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በየፈረንጆቹ አዲስ ዓመት «እነዚህስ ይብቁን» የሚላቸውን ቃላት ዝርዝር ያወጣል። እኛ ከፊልምና ከኢንተርኔት ለቅመን «ጥሩ እንግሊዝኛ» ብለን የምንይዛቸው አባባሎች ብዙዎቹ ባለቤቶቹ የጠገቧቸው ናቸው።

ሥራው ከመለካት ይጀምራል። ስልክዎ ላይ የድምፅ መቅጃውን ከፍተው ከሥራዎ አንዱን ጉዳይ ለ5 ደቂቃ በእንግሊዝኛ ያስረዱ፤ ለምሳሌ የክፍል ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር፣ ወይም አንድ ትእዛዝ ከስፌት እስከ ጭነት እንዴት እንደሚያልፍ። ከወረቀት አያንብቡ፤ በንባብ ጊዜ ልማዱ ይደበቃል። የቀዱትን ሁለት ጊዜ ያዳምጡ። መጀመሪያ ዝም ብለው ይስሙ፤ በሁለተኛው ለሚደጋገም ቃል ሁሉ ወረቀት ላይ አንዳንድ ጭረት ይጫሩ። በ5 ደቂቃ ውስጥ አንድ ቃል 10 ጭረት ከደረሰ ሰሚው በየ30 ሴኮንዱ እየሰማው ነው ማለት ነው። ከፍተኛ ጭረት ያለውን አንድ ቃል ብቻ ይምረጡና ለ7 ቀን እሱን ይከታተሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ልጣል ያለ ሰው በሁለተኛው ቀን መናገር ይፈራል።

ቃሉ የት ቦታ ላይ እንደሚወድቅ ማየት ደግሞ ከመቁጠሩ በላይ ይጠቅማል። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተናጋሪው ባለቤቱን ጠርቶ፣ ጊዜውንና ቦታውን አስከትሎ፣ ግሱን እስኪደርስበት ያስባል። እንግሊዝኛ ግን ግሱን ወዲያው ከባለቤቱ ቀጥሎ ይጠይቃል። «ዘ ሩም» ብለን ጀምረን ግሱ ገና ካልተዘጋጀ እዚያ ክፍተት ላይ «አክቹዋሊ»፣ «ቤዚካሊ»፣ «ዩ ኖው» ዘለው ይገባሉ። ስለዚህ ቃሉን በጉልበት ከመዋጥ ይልቅ ባለቤትና ግስን አጣምሮ መያዝ ነው የሚሻለው፤ «ዘ ሩም ኢንክሉድስ»፣ «ዘ ቦት ሊቭስ»፣ «ዊ ሺፕድ» እያሉ ለሥራዎ የሚሆኑ 10 ጥንዶች ይጻፉና ጠዋት ጠዋት ጮክ ብለው ይበሏቸው። ግሱ አልመጣ ሲል አፍን ዘግቶ አንድ ትንፋሽ መሳብ ይበቃል። ለተናጋሪው ያ ዝምታ ረጅም ይመስለዋል፣ ለሰሚው ግን የማሰብ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚበላሸው አንዱ ቃል ሲወጣ ሌላ መተካቱ ነው። «ቤዚካሊ» ሲጠፋ «ሶ» ይመጣል። ስለዚህ በ7ኛው ቀን ያንኑ ጉዳይ ዳግም ቀድተው ሲቆጥሩ የመረጡትን ቃል ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ይቁጠሩ።

ከአማርኛ ተሻግረው የሚገቡት አባባሎች ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ እኛ በደግነት የምንላቸውን ሰሚው በሌላ ስሜት ሊወስዳቸው ይችላል። «ኖ ፕሮብሌም»ን እንውሰድ። «ችግር የለም» በእኛ ዘንድ ማረጋጊያ ነው፣ ሰውን አያስከፋም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዳ፣ በተለይ በዕድሜ ጠና ያለው፣ ውኃ አዝዞ «ኖ ፕሮብሌም» ሲባል ግን «ለመሆኑ ችግር ነበር?» ብሎ ሊቀየም ይችላል። ሲያዝ «ሰርተንሊ»፣ ሲያመሰግን «ዩ አር ዌልካም» ይበሉት። እንግዳው ይቅርታ ሲጠይቅ ግን «ኖ ፕሮብሌም» ትክክለኛ ቦታዋ ናትና አይጣሏት።

«ወትኤቨር» ከዚህ ይብሳል። እንግዳው ሻይ ይሻላል ወይስ ቡና ብሎ ሲጠይቀው አስተናጋጁ «እንደ ወደዱ» ለማለት ብቻዋን ሲወረውራት ሰሚው «ምን አገባኝ» ብሎ ይረዳታል። ማሪስት የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠይቅ ከቀረቡት አባባሎች አስመራሪ ተብላ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቦታዋን አለቀቀችም። «ወትኤቨር ዩ ላይክ» ተብላ ስትሞላ ግን ትሕትና ታገኛለች።

ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» የምንለውን «ሶሪ» ብለን ስናወጣው ፈረንጁ «አንተ ምን አደረግክ?» ይላል። «አር ዩ ኦልራይት?» ያንን ርኅራኄ በትክክል ያደርሳል። «እሺ»ን ሙሉ በሙሉ ወደ «ኦኬ» መለወጥም ሌላው ልማድ ነው። የእኛ «እሺ» ሰማሁ፣ ተስማማሁ፣ ቀጥል፣ ሁሉንም ትሆናለች። ገዢው ግን በስልክ «ኦኬ» ሲባል ተስማሙ ብሎ ይመዘግባል፤ በኋላ አልተስማማንም ማለት ጭቅጭቅ ነው። መስማትዎን ለመግለጽ «አይ ሲ»፣ ለመስማማት «ዊ አግሪ» ብለው ይለዩት።

ወደ ኢሜይል ስንመጣ ችግሩ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤያችን ይነሣል። «ለማሳወቅ እንወዳለን» እና «በትሕትና እንጠይቃለን» በአማርኛ ደብዳቤ ወግ ናቸው። «ዊ ዉድ ላይክ ቱ ኢንፎርም ዩ ዛት» እና «ካይንድሊ» ሆነው በእያንዳንዱ አንቀጽ ሲገቡ ግን ፍሬ ነገሩን ይቀብሩታል። «አይ ሆፕ ዚስ ኢሜይል ፋይንድስ ዩ ዌል» ደግሞ በቀን ሦስቴ ለሚጻጻፉት ሰው ሰላምታነቷ አልቋል። ኢሜይሉን ጽፈው ሲጨርሱ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር በጣትዎ ሸፍነው ያንብቡ። ምንም ካልጎደለ ይሰርዙት። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን መፈለጊያ ከፍተው «ካይንድሊ»፣ «አሳፕ» (በተቻለ ፍጥነት)፣ «ሪጋርዲንግ» እና «አት ዚስ ሞመንት» የሚሉትን አንድ በአንድ ይፈልጉ። «ካይንድሊ» ከአንድ በላይ ከተገኘ አንዷን ብቻ አስቀርተው «ፕሊዝ» ያድርጓት።

«አሳፕ» በተገኘበት ቦታ ሁሉ ቀንና ሰዓት መግባት አለበት፤ ሰውን የሚያናድደው ችኮላው ሳይሆን ቁርጡ አለመታወቁ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻውም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው ለውጭ ሰው 9 ሰዓት ነው፤ «3» ብለው ከጻፉለት ከቀትር በኋላ ወይም ከሌሊቱ ሊጠብቅ ይችላል። ቀኑንም ጥቅምት 5 ብለው አእምሮዎ ውስጥ ይዘው 5 ኦክቶበር ብለው እንዳይጽፉ፤ በ10 ቀን ገደማ ይራራቃሉ። የሳምንቱን ቀን ስም አብረው ካስገቡ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል።

አስጎብኚዎችን የሚጎዱት «አሜዚንግ»፣ «ቢዩቲፉል» እና «ሊተራሊ» ናቸው። የመጨረሻዋ «ቃል በቃል» ማለት ብትሆንም ለማጋነኛነት ስታገለግል ከ200 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ሆኖም ዛሬም የሚቆጣባት ብዙ ነው። መፍትሔው ቅጽሉን በስምና በቁጥር መተካት ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አጠገብ የቆመውን ትልቅ ወፍ «አሜዚንግ በርድ» ከማለት «ማራቡ ስቶርክ ይባላል፣ ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ እዚህ የሚያዘወትረው የዓሣ ትራፊ ስለሚያገኝ ነው» ቢሉት እንግዳው «አሜዚንግ»ን ራሱ ይላታል። ለአንድ ጉብኝት ሁለት ቅጽል በቂ ነው፤ አንዱን ለታቦር ተራራ እይታ ይቆጥቡት።

አንዳንዱ ድግግሞሽ ግን መነካት የለበትም። «ፕሊዝ» እና «ታንክ ዩ» በቀን 50 ጊዜ ቢባሉ ማንም አይሰለችም። የደኅንነት ማስጠንቀቂያም እንዲሁ ነው፤ ጀልባ ላይ «ሲት ዳውን» ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ይባል፣ ለማሳመር ብሎ መለዋወጥ ሰውን ያደናግራል።

የሥራ ባልደረባን ማረም ሲፈልጉ እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ ለብቻ፣ በአንድ ቀን አንድ ቃል ብቻ ያንሡ። ሰው ፊት «እንደገና ቤዚካሊ አልክ» ማለት ሰውየውን ከእንግሊዝኛው ጭምር ያርቀዋል። ታላቅዎ ወይም አለቃዎ ከሆኑ መጀመሪያ የራስዎን ጭረት ያሳዩዋቸውና «የኔ ይኼን ያህል ወጣ፣ እርስዎም ቢሞክሩት?» ብለው ስልኩን ያቀብሏቸው።