ድመት በትንሽ አውሮፕላን፦ ከድሬዳዋ ስትነሱ የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ክትባት፣ የጤና ወረቀት፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ፓይለቱን አስቀድሞ መጠየቅ፤ እነዚህን ታውቃላችሁ፣ አልደግማቸውም። ድሬዳዋ ላይ እንስሳት የሚያክም ሰው አንዳንዴ አውሮፕላኑ ሥር ድረስ ይጠራል። እኔ የምጠራው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ጣጣ ነው። ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

ታስመልሳለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል

አውሮፕላኑን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ከሐረር የሚመጡ ሰዎች ድመቷን ጠዋት እስክትጠግብ ያበሏትና የደንገጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ያወርዷታል። ድሬ ስትደርስ ሆዷ ተገለባብጦ አልቋል። ምግብ ከመንገዱ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ቀድሞ ይቁም፤ መንገዱ ማለት ከሐረር የምትነሱበት እንጂ የበረራው ሰዓት አይደለም። ውሃ አትከልክሏት።

ትጮኻለች

ትጩህ። ሞተሩ ሲነሳ ድምጿ አይሰማም።

ሲወርዱ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ጆሮዋን ትቧጭራለች

የአየር ግፊቱ ነው። ፓይለቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ጠይቁት፤ በደቂቃ 500 ጫማ ጥሩ ነው። በተቀመጠችበት ሳጥን ፍርግርግ በኩል የምትልሰው ነገር ስጧት። ስትውጥ ጆሮዋ ይከፈታል።

አፏን ከፍታ ታለከልካለች

ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ውሻ ሲያለከልክ ልማዱ ነው፤ ድመት አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ግን ነገር አለ። ጤነኛ ድመት የሰውነቷ ሙቀት 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ40 ሲያልፍ አደጋ ይጀምራል።

ምክንያቱ ቆሞ የተጠበሰ አውሮፕላን ነው። ዙሪያው መስታወት ነው። አየር የሚገባው በአብዛኛው ሲንቀሳቀስ ነው። የግንቦትና የሰኔን የድሬ ፀሐይ ጨምሩበት። ሰዉ ደግሞ «ትልመድ» ብሎ ድመቷን ከሁሉም በፊት ይጭናታል! ሻንጣው ገና እየተመዘነ፣ ሰው ሻይ እየጠጣ፣ እሷ ውስጥ ትቀቀላለች።

ከዚያ ባለቤቷ ያዝናል። «አቦ ትንሽ አየር ታግኝ» ይልና የሳጥኑን በር ገርበብ ያደርጋል። የድመት ጭንቅላት ካለፈ ሌላው ገላዋ አይቀርም።

አንዲት እናት ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ባለአራት መቀመጫ ሴስና ነበር፣ ሞተሩ ተነስቶ። ድመቷ በመቀመጫ ሥር ሾልካ ካፒቴኑ ፔዳል ሥር ተወሸቀች። ፔዳሉ አውሮፕላኑን መሬት ላይ የሚመሩበት ነው፤ ፍሬኑም እዚያው ነው። ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋና «እማማ፣ ወይ እሷ ትንዳ ወይ እኔ ልንዳ፣ ይምረጡ» አላቸው። ተጠርቼ ሄጄ በሽርጥ ጠቅልዬ አወጣኋት። ክንዴ ላይ የተረፈውን ምልክት አላወራም።

ሌላዋ የባሰች ነበረች። ከሻንጣ ማስቀመጫው ጀርባ ያለው ልባጥ ላልቶ ኖሮ በዚያ ገብታ ጭራው ውስጥ፣ የመሪው ገመዶች የሚያልፉበት ቦታ ተቀመጠች። ቱና ተከፈተ፤ የለችም። በስሟ ተጠራች፤ የለችም። መካኒኩ እየተነጫነጨ ልባጡን ፈታ። በረራው ለነገ ተዛወረ።

የሚያናድደኝ ሳጥኑ የሚከፈተው ሙቀቱ ሊያልፍ ሲል መሆኑ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ 2,000 ሜትር ስትወጡ 13 ዲግሪ ወረደ ማለት ነው። ትንሽ ብትታገሡ አየሩ ራሱ ይፈታው ነበር።

ስለዚህ በማለዳ ተነሱ፤ ለሞተሩም ይሻለዋል። ድመቷ ነዳጁ ተሞልቶ፣ ሻንጣው ተጭኖ፣ ሰው ገብቶ ካለቀ በኋላ መጨረሻ ትጫን። እስከዚያ ጥላ ሥር ትጠብቅ፤ ክንፉ ከላይ ከሆነ የክንፉ ጥላ ይበቃል። ማለከለክ ከጀመረች እዚያው አውርዷትና መዳፏንና ሆዷን በውሃ በራሰ ፎጣ አብሱ፣ አራግቡላት። በረዶ አይሆንም። ካልተሻላት በረራው ይቅር፣ ወደ ሐኪም ውሰዷት። አየሩ ቀዝቅዞም የምታለከልክ ከሆነ ሙቀት ላይሆን ይችላል፤ ልብ ወይም አስም ሊሆን ይችላል። የፋርስ ዝርያ ድመት ያላችሁ፣ ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ በዚህ አትቀልዱ።

ሳጥኑ ራሱ ይከፈታል

ርካሹ ሳጥን ላይና ታቹ የሚያያዘው በቀጭን ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል። እጀታውን ይዛችሁ ስታነሱት ታችኛው ግማሽ ከነድመቷ ይቀራል። ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ብሎንና የሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲክ ግዙና አራቱን ጎን እሰሩት። ማሰሪያውን የምትቆርጡበትም ያዙ። የካርቶን ሣጥንማ አታምጡብኝ፣ አንዴ ሽንት ከነካው አለቀ። ሳጥኑ ኋላ መቀመጫ ላይ ይሁን፤ ቀበቶው በእጀታው ሳይሆን በሳጥኑ ላይ ይዙር።

በአየር ላይ አመለጠች

ፓይለቱ ፊቱን ወደ ኋላ አያዙር፣ ይብረር። እናንተም አታሯሩጧት። ጨለማና ዝቅ ያለ ቦታ ነው የምትፈልገው፤ ወደ ፔዳሉ የሚወስደውን ቀዳዳ በሻንጣ ወይም በጃኬት ዝጉ፣ የፓይለቱን እግር ግን እንዳይነካ። ከዚያ ፎጣ ከላይዋ ጣሉባት። ካረፋችሁ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ውልብልቢቱ እስኪቆም፣ እሷም እስክትያዝ በር አይከፈት።

«እንቅልፍ የሚያስይዝ ነገር ስጠን»

አሴፕሮማዚን የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ለበረራ አልሰጥም፤ የደም ግፊት ያወርዳል፣ ሙቀት የመቆጣጠር አቅሟንም ያዛባል። ጋባፔንቲን የሚባለው መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሆናል፤ እሱንም ከበረራው ቀናት ቀደም ብላችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ፓራሲታሞል ግን ግማሽ ክኒንም ቢሆን አይሆንም። ድመትን ይገድላል።