መብራት ሲሄድ ሚሞሪ እንዳይበላሽ፦ በትንንሽ የሊኑክስ ቦርዶች ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ተደወለልኝ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት በራስበሪ ፓይ፣ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም በምትሠራ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ ገጥሜላቸው ነበር። ሌሊቱን ነጎድጓድ ሲያጓራ፣ መብራቱም ሄድ መጣ ሲል አድሯል። ስደርስ ቀዩ መብራት በርቷል፤ አረንጓዴው ብልጭ ብልጭ ይልና ቀጥ ይላል። ስክሪን ስሰካበት «ከርነል ፓኒክ» የሚል ጽሑፍ ተገትሯል፤ ሊኑክሱ መቀጠል አቅቶት ቆሟል ማለት ነው። ዳይሬክተሯ አጠገቤ ቆመው «የልጆቹ ውጤትስ ልጄ?» አሉኝ። ውጤቱም እዚያው ሚሞሪ ላይ ነበር።

ሚሞሪው ገና አዲስ ነበር። ያበላሸው የእኔ አገጣጠም ነው። ጎጃም ውስጥ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ መብራት ሳይናገር ይሄዳል። ቦርድ ስንገጥም ከሁሉ በፊት ማሰብ ያለብን ያንን ቅጽበት ነው። እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶችና ሌሎች ሲሠሩ ያየኋቸውን ልንገራችሁ።

አንደኛው «ኤክስት ፎር ጆርናል ስላለው ችግር የለም» ብሎ መተማመን ነው። ኤክስት ፎር ሊኑክስ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ፋይል ሲስተም ነው፤ ጆርናል ደግሞ ለውጦችን ቀድሞ የሚይዝበት መዝገብ። ጆርናሉ የሚጠብቀው የፋይል ሲስተሙን መዋቅር ነው። መብራት ሲመለስ የትኛው ፋይል የት እንዳለ እንዳይምታታ ያደርጋል። ያን ሰዓት እየተጻፈ የነበረው ፋይል ግን ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ የባሰም አለ። ሚሞሪው ውስጥ የራሱ መቆጣጠሪያ ቺፕ አለ። ይህ ቺፕ እኛ ሳናዝዘው ዳታ ከቦታ ቦታ ያዛውራል። እያዛወረ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ፣ ለወራት ያልነካነው ፋይል ሳይቀር ሊበላሽ ይችላል። ይህንን ምንም ዓይነት ጆርናል አያድነውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ባትሪ ነው። ቻርጅ እየተደረገ ኃይል የሚሰጥ ፓወር ባንክም ቢሆን ይሆናል። ብቻ ሞክሩት። አንዳንዱ የግድግዳው መብራት ሲጠፋ ለቅጽበት ያቋርጣል፤ ለቦርዱ ደግሞ ያቺ ቅጽበት በቂ ናት። ቦርዱ እየሠራ ቻርጀሩን ንቀሉ። ከጠፋ፣ ሌላ ፈልጉ።

ሁለተኛው የሚሞሪውን ዕድሜ ለማራዘም ብሎ ጆርናሉን ማጥፋት ነው። ይህ ምክር በየቦታው ይዞራል፤ እኔም ሰምቼው ነበር። መብራት በማይቋረጥበት አገር ይሠራ ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን አይሆንም። ባሪየር የሚባለውንም አትንኩ፤ አጻጻፉ ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቅ የሚያደርገው እሱ ነው። መጻፍን መቀነስ ከፈለጋችሁ ኤፍኤስታብ ላይ፣ ማለትም ዲስኮች እንዴት እንደሚከፈቱ በሚወስነው ፋይል ላይ፣ «ኖኤታይም» ጨምሩ። ያኔ ፋይል በተነበበ ቁጥር የተነበበበትን ሰዓት አይመዘግብም። ጥቅሙን ግን አታጋንኑት። ሊኑክስ ከ2009 ጀምሮ «ሬልኤታይም» የተባለውን የተቆጠበ አሠራር በነባሪነት ስለሚጠቀም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለውጦች በየስንት ሰከንዱ ሚሞሪው ላይ እንደሚጻፉ የሚወስነው «ኮሚት» የሚባለው ቁጥር በነባሪ 5 ሰከንድ ነው። ወደ 60 ካሳደጋችሁት ሚሞሪው ያርፋል፤ መብራት ሲሄድ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ልታጡ ትችላላችሁ። ለሙቀት መመዝገቢያ ምንም አይደል። ለተማሪ ውጤት ግን እኔ 5ን አልነካም።

ሚሞሪን በእርግጥ የሚጨርሰው ማን መሰላችሁ? ሎግ ነው፤ ፕሮግራሞች የሠሩትን እየተከታተሉ የሚጽፉበት መዝገብ። ፍላሽ እንደ ደብተር አንድ መስመር ብቻ ተሰርዞ አይጻፍበትም። የሚሰረዘው በትልቅ ብሎክ ነው። ከመሶብ መሃል አንድ እንጀራ ለመቀየር ሁሉንም አውጥቶ እንደገና እንደመደርደር ማለት ነው። በየሰከንዱ አንዲት መስመር የሚጽፍ ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ መሶቡን ያስገለብጣል። ሲስተምዲ የሚባለው የሊኑክስ ክፍል ሎግ የሚይዝበትን ጆርናል (ከላይ ካልነው የፋይል ሲስተም ጆርናል የተለየ ነው) ማከማቻ «ቮላታይል» አድርጉት፤ ሎጉ ራም ላይ ይቀመጣል። ቦርዱ ሲጠፋ ሎጉም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ብልሽት ስትፈልጉ ለጊዜው ወደ ሚሞሪው መልሱት። ስዋፕንም፣ ማለትም ራም ሲጠብ ትርፉ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ከሚሞሪው ላይ አንሱና ዳታን ራም ውስጥ አመቅ አድርጎ በሚይዘው በዚራም ተኩት።

«ለፍላሽ ተብሎ የተሠራ ፋይል ሲስተም አለ» ብለው ወደ ኤፍቱኤፍኤስ የሚሮጡም አሉ። ሳምሰንግ የሠራው ነው፤ በ2013 ከሊኑክስ 3.8 ጋር ገባ። መጥፎ አይደለም፤ ፈጣንም ነው። ግን ቡሬ ላይ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? የኤክስት ፎር መጠገኛ ለብዙ ዓመታት የተፈተነ ነው፤ ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ ይከፍተዋል። እኔ እሱን እመርጣለሁ። ጄኤፍኤፍኤስቱና ዩቢአይኤፍኤስ የሚባሉት ፋይል ሲስተሞች መቆጣጠሪያ ቺፕ ለሌለው ጥሬ ፍላሽ የተሠሩ ናቸው፤ ለሚሞሪ ካርድ አይሆኑም። ፋትና ኤክስፋትም ጆርናል ስለሌላቸው፣ ቦርዱ ከሚነሳበት ከቡት ክፍሉ በቀር ዳታ አታስቀምጡባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። ሁሉንም ነገር አንድ ፓርቲሽን (የሚሞሪው አንድ ክፍል) ላይ ጠቅጥቆ፣ ሁሉንም ለመጻፍ ክፍት መተው ነው። የዚያ ትምህርት ቤት ጣጣ ይሄ ነበር። መጽሐፉ፣ ሲስተሙ፣ ውጤቱ፣ ሎጉ አንድ ላይ ነበሩ። ሁለተኛ ስገጥመው ለየኋቸው። ሲስተሙን ኦቨርሌይ አደረግኩት፤ ራስፒ ኮንፊግ በሚባለው የራስበሪ ፓይ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ምርጫው አለ። የሚጻፈው ሁሉ ራም ላይ ይቀራል፤ ቦርዱ ሲነሳ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ይነሳል። መጻሕፍቱ ለንባብ ብቻ በተከፈተ ፓርቲሽን ገቡ። ውጤቱ ብቻ ትንሽ የራሱ ክፍል ተሰጠው፤ ሲነሳ ፍተሻ እንዲደረግለትም አዘዝኩ። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ስለሆነ፣ የተጻፈው ሚሞሪው ላይ እስኪደርስ መጠበቅ አለመጠበቁን የሚወስነውን «ሲንክሮነስ» የሚለውን «ፉል» ላይ አድርጌዋለሁ። ለፍጥነት ብለው «ኦፍ» የሚያደርጉትን አትስሙ። አፕዴት ስታደርጉ ኦቨርሌዩን አጥፉ፤ ስትጨርሱ መመለሱን አትርሱ።

የውሸት ሚሞሪም አለ። 64 ጊጋ ተብሎ ተሸጦ ውስጡ 8 የሆነ። ኤፍስሪ በሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ጽፋችሁ፣ መልሳችሁ አንብቡት። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ ለቃችሁት እደሩ። ደግሞ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። ቺፑ ዳታ የሚያዛውርበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ሳይሞክሩ ማስረከብ ነው። ሥራው ሲያልቅ ባትሪውን አውጥቼ፣ ውጤት እየተመዘገበ ሳለ ሶኬቱን ሃያ ጊዜ ነቀልኩት። በየጊዜው የመጨረሻው የተመዘገበ ስም መኖሩን አየሁ። ዳይሬክተሯ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ ራሳቸው ይነቅሉ ጀመር። ከዚያ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ሁለተኛ ሚሞሪ ላይ ገልብጬ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ በፕላስተር ለጠፍኩት። የውጤቱን ቅጂ ደግሞ ዘወትር ዓርብ በፍላሽ የምትወስድ አንዲት መምህርት አለች።