እየመራ ለሚንገዳገድ የቤዝቦል ቡድን፦ ሰው የማይስቅበት የትሬድ ሐሳብ እንዴት ይዘጋጃል?

ዋሽንግተን ዲሲ መጥቼ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ስጀምር ስለ ቤዝቦል የማውቀው ዱላና ኳስ እንዳለው ብቻ ነበር። በሒሳብ መቀበያዋ ጠባብ ክፍል ግን አንዲት ሬዲዮ ነበረች፤ ማታ ማታ የከተማውን ቡድን የናሽናልስን ጨዋታ ታስተላልፋለች። ሦስት ሰመር ካዳመጥኩ በኋላ አፌን ከፍቼ «ቡድኑ እገሌን ማምጣት አለበት» ማለት ጀመርኩ። ተሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ የእግር ኳስ ዝውውርን እርሱት። አርሰናል ተጫዋች ሲፈልግ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፤ ተጫዋቹም ካልተስማማ ነገሩ እዚያው ይቀራል። እዚህ የሚለወጠው ሰው በሰው ነው፤ ትሬድ የሚባለውም ይኸው ነው። ተጫዋቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የለም፤ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይይዛል፣ በማግስቱ የሌላ ከተማ ማልያ ለብሶ ይታያል።

ቀኑን እወቁ

የትሬዱ በር የሚዘጋው ጁላይ ማለቂያ ወይም ኦገስት መግቢያ ላይ ነው። በ2022 ኦገስት 2 ነበር፣ በ2025 ጁላይ 31። ድሮ በኦገስትም የምታሾልክ መንገድ ነበረች፤ ከ2019 ጀምሮ ተዘግታለች።

ሰንጠረዡ እየዋሸ እንደሆነ አጣሩ

አንደኛ መሆን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቡድኑ ያስቆጠረውንና የተቆጠረበትን ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ ውሰዱ። ሁለቱንም በራሳቸው አባዙ፣ ያስቆጠረውን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ፣ የወጣውን በተጫወተው ጨዋታ ብዛት አባዙ፤ ማሸነፍ የነበረበትን ያህል ታገኛላችሁ። ቀመሩ የቤዝቦል ቁጥር ተንታኙ የቢል ጄምስ ነው፤ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ለምሳሌ በ90 ጨዋታ 420 አስቆጥሮ 400 የተቆጠረበት ቡድን ማሸነፍ የነበረበት 47 ያህል ነው። ሰንጠረዡ ላይ 52 ካሸነፈ አምስቱን ዕድል ነው የሰጠው። እንዲህ ያለ ቡድን ከ162ቱ የቀሩትን 72 ጨዋታዎች በዚያው ዕድል ይጨርሳል ብላችሁ አትመኑ።

ቀዳዳውን ፈልጉ፣ ከዚያ ሻጩን

ደጋፊ ሁሉ የሚመኘው ኳስ አሻግሮ የሚመታ ኮከብ ነው። እየመራ የሚንገዳገድ ቡድን ግን ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ከቡልፔኑ ነው፤ ማለትም ጀማሪው ወርዋሪ ሲደክም ተራ በተራ ከሚገቡት ሰዎች። ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ኢኒንጎች (ዙሮች) ሰባተኛው ላይ እየመራ ገብቶ ዘጠነኛው ላይ ተሸንፎ የሚወጣ ከሆነ በሽታው ይኸው ነው። የእነዚህን ሰዎች ኢአርኤ፣ ማለትም ወርዋሪው በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበትን ራን (ሲያንስ ይሻላል)፣ አትመኑ። የሚወረውሩት ጥቂት ስለሆነ አንድ ክፉ ማታ ቁጥሩን ያበላሸዋል። ስንት መቺ በስትራይክ እንዳሰናበቱና ስንቱን በነጻ እንዳሳለፉ ማየት ይሻላል።

ሻጭ ማለት ለፕሌይኦፍ፣ ለዋንጫው የማጣሪያ ዙር፣ ተስፋ የቆረጠ ቡድን ነው። ከ30ው ቡድን 12ቱ ስለሚያልፉ ጁላይ ላይ በእርግጥ ተስፋ የቆረጠ ብዙ አይገኝም።

ዋጋውን መተመን

የተዋረድኩት እዚህ ላይ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቤዝቦል የሚከታተሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ሦስት ተቀያሪ ሰጥተን የዚያን ቡድን ክሎዘር እንውሰድ» አልኳቸው፤ ክሎዘር ማለት እየተመራ ያለውን ድል በመጨረሻው ኢኒንግ ላይ የሚዘጋው ወርዋሪ ነው። ሳንድዊቻቸውን አስቀመጡና «አንተ እነሱን ብትሆን ትቀበላለህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ሦስት አህያ ሰጥቶ ፈረስ መጠየቅ ነበር። ለነገሩ አህዮቹን የሚያስሩበት ቦታም የላቸውም፤ ዛሬ በቡድኑ ውስጥ ያለው ወንበር 26 ነው፣ አንድ ሰው ሰጥተው ሦስት ሲቀበሉ ሁለት ሌላ ማባረር ሊኖርባቸው ነው።

የተሸነፈ ቡድን የዛሬ ተቀያሪ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው የነገ ልጅ ነው። ደብል ኤና ትሪፕል ኤ የሚባሉት የታችኛው ሊጎች ውስጥ ያሉ ታዳጊዎች ናቸው ገንዘቡ። ልጁ ዋናው ሊግ ከገባ በኋላ ስድስት የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላ በቡድኑ እጅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በአብዛኛው የሚከፈለው ከዝቅተኛው ደሞዝ ብዙም የማይርቅ ነው። ለእኔና ለእናንተ ዝቅተኛ አይደለም፣ በ2025 760,000 ዶላር ነበር። ለቡድኑ ግን ርካሽ ነው።

ስለዚህ ከስም በፊት ዓመት ቁጠሩ። የምታመጡት ሰው ስንት ዓመት ይቀረዋል? የምትሰጡትስ? ቺካጎ ካብስ በ2016 ምድቡን እየመራ አሮልዲስ ቻፕማንን ከያንኪስ ሲያመጣ የሰውየው ውል በዚያው መኸር ያልቅ ነበር። ለዚያች ጥቂት ወር ግሌይበር ቶሬስን የሚያህል ታዳጊ ከሦስት ሌሎች ጋር ሰጠ። ካብስ ከ1908 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ፤ ቶሬስ ደግሞ በ2018ም በ2019ም ከያንኪስ ለኦል ስታር፣ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ፣ ተመረጠ። ሁለቱም ወገን የሚጸጸት አይመስለኝም።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ፣ ናሽናልስ በ2017 ምድቡን በሰፊ ርቀት እየመራ ቡልፔኑ የያዘውን ጨዋታ ያፈስ ነበር። ጁላይ 16 ከኦክላንድ ሾን ዱሊትልንና ራያን ማድሰንን አመጣ። ሁለቱም ከዚያ ዓመት በኋላ የሚቆዩ ነበሩ። የሰጠው ብሌክ ትራይነንን፣ ሼልደን ኖይሲንና ሄሱስ ሉዛርዶን ነው። ሉዛርዶ ያኔ የክርን ቀዶ ሕክምና አድርጎ የተመለሰ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ናሽናልስ 97 ጨዋታ አሸንፎ በመጀመሪያው ዙር በካብስ ተሰናበተ። እኛ ክሎዘርነቱን የነጠቅነው ትራይነን በሚቀጥለው ዓመት ኦክላንድ ላይ 0.78 ኢአርኤ ይዞ ጨረሰ! ዱሊትል ግን በ2019 ዋንጫውን ካነሱት አንዱ ነበር። ኪሳራ ነው ትርፍ? በጋራዡ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ኢንተርኔት ላይ ተጫዋቾቹን ስታስገቡ «ሚዛናዊ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል የትሬድ ማስያ አለ። እንደኔ እንደኔ ከውርደት ያድናችኋል እንጂ ሐሳብ አይሰጣችሁም። ሻጩ ቡድን ወርዋሪ ይፈልግ፣ ከሜዳው ጀርባ አጥሩ ጋ ቆሞ ኳስ የሚይዝ ይፈልግ፣ ማስያው አያውቅም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ካለው ላይ ሸጦ ቀዳዳ መድፈን። ሚልዋኪ ብሩወርስ በ2022 ምድቡን እየመራ ክሎዘሩን ጆሽ ሄደርን ለፓድሬስ ሰጠ። በአንድ ጨዋታ ጉድለት ፕሌይኦፍ ሳይገባ ቀረ።

እምቢ ማለት የሚችል መኖሩን እዩ

በሊጉ አሥር ዓመት፣ ከእነሱም የመጨረሻዎቹን አምስት ባንድ ቡድን የቆየ ሰው ያለ ፈቃዱ አይሄድም። አንዳንዱ ደግሞ ይህንኑ መብት በውሉ አስገብቷል። እኔ ይህን ሳላይ ሙሉ የሳምንት መጨረሻ ያቃጠልኩበት ሐሳብ አለ፤ የተጫዋቹን ስም ስጠራ ነው ሐሳቡ የቆመው።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

እነማን ይመጣሉ፣ እነማን ይሄዳሉ፣ ደሞዙን ማን ይከፍላል። ከዚህ ከረዘመ አልበሰለም። ከዚያ የሌላውን ቡድን ኮፍያ አድርጉና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ካሳቃችሁ ጨምሩ። ትንሽ ካመማችሁ ዋጋው እየደረሰ ነው።

ባለፈው ሰመር የኔን በፓርኪንግ ትኬት ጀርባ ላይ ጽፌ ለአዛውንቱ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ አልሳቁም። እርሳስ ከኪሳቸው አወጡና የምሰጠውን ሁለተኛ ልጅ ሰርዘው በላዩ ከእሱ የሚሻል ታዳጊ ስም ጻፉበት፣ ትኬቱን መለሱልኝ፣ ሬዲዮዋንም ከፈቷት።